የቆላ ፍሬ በደጋ ድስት
(በመካነ ሰላም ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)




ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የድስት ሥራ ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ አንዳንድ ጓደኞቼ «ከጣፋጩ በፊት እንጀራው ይቅደም» እያሉ ሲቀልዱ ሰምቻለሁ። ቀልዱ ቁም ነገር ስላለበት ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ቦታው ሲደርስ መልስ እሰጥበታለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች የሚኖሩ ሰዎች የሞቃት አገር ፍሬ ልጠውና ቆርጠው፤ በስኳር ውሃ ቀስ አድርገው አብስለው፤ ከምግብ በኋላ በትንሽ ሳሕን ያቀርባሉ። ኩባውያን ዘይቱንን ለሁለት ከፍለው፤ ውስጡን ከነዘሩ ጠርገው አውጥተው፤ የቀረውን እንደ ጽዋ ጎድጎድ እንዳለ በሽሮፕ ያበስሉታል። ስሙንም «ካስኮስ ደ ጓያባ» ይሉታል፤ የዘይቱን ቅርፊት እንደ ማለት ነው። ዶሚኒካኖችና ፖርቶ ሪኮዎች ደግሞ ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፓፓያ እንዲሁ ያደርጉታል። እነሱ ፓፓያን «ሌቾሳ» ብለው ይጠሩታል፤ ጥሬው ሲቆረጥ ነጭ ፈሳሽ ስለሚያወጣ «ወተታም» ማለታቸው ነው። የግሬፕ ፍሩትን ወፍራም ነጭ ልጣጭም ምሬቱን በውሃ ካስለቀቁ በኋላ በዚሁ ዓይነት ይሠሩታል።

ዘይቱን ስል ዘይት የሚጨመቅበትን የወይራ ወገን ማለቴ አይደለም፤ በየገበያችን በዚህ ስም የሚሸጠውን፤ ሲበስል ቢጫ የሚሆነውንና ሽታው ቤት የሚሞላውን ፍሬ ነው። ይህም ፍሬ ሆነ ፓፓያው የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው። ፓፓያ የሚለው ስም ራሱ በካሪቢያን አካባቢ ከነበሩት የጥንት ነዋሪዎች ቋንቋ ተነሥቶ፤ በስፓኞች አፍ አልፎ ወደ ዓለም የተሰራጨ ነው። ስለዚህ በመካነ ሰላም ገበያ «ፓፓያው ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሳያውቀው ከካሪቢያን አንድ ቃል ተበድሯል ማለት ነው።

የኢትዮጵያና የኩባ ነገር ግን ከቃል ብድር ያለፈ ነው። ከ1971 ዓ.ም. ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች፤ ብዙዎቹም በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ፤ ኩባ ውስጥ «የወጣቶች ደሴት» ወደሚባለው ሥፍራ ሄደው ተምረዋል። በዚያ የነበረው ደንብ የቀኑን እኩሌታ ትምህርት፤ እኩሌታውን የእርሻ ሥራ ነበር። የደሴቲቱም ዋና እርሻ የግሬፕ ፍሩትና የብርቱካን ወገን ተክል ነበር። ከእነዚያ ልጆች መካከል ሐኪም፤ መሐንዲስና መምህር ሆነው ወደ አገራቸው የተመለሱ አሉ። እንግዲህ የካሪቢያን ፍሬ ለአንድ የኢትዮጵያ ትውልድ በመጽሐፍ የተነበበ ወሬ ሳይሆን በገዛ እጁ የለቀመው ነገር ነው።

ስለ ጣፋጩ ስናወራ መራራውን ታሪክ መዝለል አይገባም። ሸንኮራ አገዳ ለደሴቶቹ እንግዳ ተክል ነበር። ኮሎምበስ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1493 ለሁለተኛ ጊዜ ሲሻገር ይዞት ሄደ። ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታትና ከዚያም በላይ አገዳውን የተከለው፤ የቆረጠው፤ የጨመቀውና ያፈላው በአብዛኛው በሰንሰለት ታስሮ የተወሰደ የአፍሪካ ሰው ነው። የሃይቲ ሰዎች ይህን ቀንበር በገዛ ክንዳቸው ሰብረው በ1804 ነጻነታቸውን ዐወጁ። በእንግሊዝ ደሴቶች የባርነት መሻሪያ ሕግ በ1834 ሥራ ላይ ዋለ። በኩባ ግን ባርነት እስከ 1886 ዘልቋል። ፍሬን በስኳር አብስሎ የማቆየት ጥበብ በበኩሉ ከዐረቦች ወደ ስፓኝ፤ ከስፓኝም ወደ ደሴቶቹ የተሻገረ ነው፤ ስፓኞች ለሽሮፕ የሚሉት «አልሚባር» የተባለው ቃል እንኳ ምንጩ ዐረብኛ ነው። ስለዚህ በዚያች ትንሽ ሳሕን ውስጥ የአሜሪካ ፍሬ፤ የዐረብ ጥበብና የአፍሪካ ሰው ላብ ተገናኝተዋል። ይህን የማነሣው የማንንም አፍ ለማምረር አይደለም፤ ስኳር ርካሽ ሆኖ ባየነው ጊዜ ዋጋውን የከፈለ ሰው መኖሩን እንዳንረሳ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። መጀመሪያ ግን ስኳር ፍሬን ከመበስበስ የሚጠብቀው በምን ምክንያት እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው አሠራሩን በቃሉ ቢያጠናውም አንድ ነገር ሲጎድልበት ግራ ይገባዋል።

በእኛ አገር በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አስቀድሞ የጣፋጭ ሁሉ ራስ ማር ነበር፤ ማርም ራሱ ምክንያቱን ያስተምረናል። ንጹሕ ማር በማሰሮ ተከድኖ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። በውሃ ሲበረዝ ግን ብርዝ ይሆናል፤ ጌሾ ገብቶበት ሲሰነብት ደግሞ ጠጅ ይሆናል። ማሩ ያው ማር ነው፤ ታዲያ ምን ተለወጠ? የተለወጠው የውሃው መጠን ነው። በደህና ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 20 እጅ አይሞላም፤ ያንንም ቢሆን ስኳሩ አጥብቆ ስለያዘው ረቂቃን ነፍሳት ሊጠጡት አይችሉም። በላዩ ላይ ውሃ ሲጨመርበት ግን ይነቃሉ፤ ይራባሉ፤ ሥራቸውን ይጀምራሉ። በዘይቱንና በፓፓያ ውስጥ ከመቶ 80 እጅ በላይ ውሃ አለ፤ በሁለት ሦስት ቀን የሚልመውና የሚሻግተው ስለዚህ ነው። የሽሮፕ ሥራ እንግዲህ ውሃውን ከፍሬው እያስወጣ በምትኩ ስኳር ማስገባት ነው። ቋንጣ በጨውና በአየር እንደሚድን፤ ፍሬም በስኳርና በእሳት ይድናል።

ከዚህ አንድ ትልቅ የአሠራር ሕግ ይወጣል። ፍሬውን በአንድ ጊዜ በወፍራም ሽሮፕ ውስጥ ብንነክረው፤ ስኳሩ ወደ ውስጥ ከሚገባበት ፍጥነት ይልቅ ውሃው ወደ ውጭ የሚወጣበት ፍጥነት ይበልጣል። በዚህም ጊዜ ፍሬው ይጨማደዳል፤ ይጠነክራል፤ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀጭን ሽሮፕ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየወፈረ በሚሄድ ሽሮፕ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ይህንን ሥራ የሚሠራው እሳት ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ይሠራዋል።

አሁን ነገሩን ወደ መካነ ሰላም እናምጣው። ይህች ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች። የካሪቢያን ወጥ ቤቶች ብዙዎቹ በባሕር ዳርቻ ናቸው። በባሕር ዳርቻ ውሃ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ «ሽሮፑ 105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት» ቢል፤ እኛም ያንኑ ቁጥር ብንጠብቅ፤ ሽሮፑ ከሚፈለገው በላይ ይወፍራል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ከረሜላ ይደርቃል። ቁጥሩ ውሸት ሆኖ አይደለም፤ የተለካው በሌላ አገር ከፍታ ስለሆነ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትሩ ስንት ላይ እንደቆመ ማየት፤ ከዚያ ሽሮፑ ከዚያ ቁጥር 4 ወይም 5 ዲግሪ ከፍ ሲል ማውረድ። በባሕር ዳርቻ 104 ወይም 105 የሆነው እዚህ 95 ወይም 96 ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከሽሮፑ ከመቶ 65 እጅ ያህሉ ስኳር ሆኗል ማለት ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ደግሞ ጠብታውን በቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ጣል አድርጎ በጣቱ መካከሉን ይሰንጥቀው፤ ስንጥቁ ቶሎ ካልተመለሰ ደርሷል። ጣትና ሳሕን ከፍታውን ራሳቸው ያውቁታል።

ስለ አሠራሩ ዝርዝር እነሆ። አንድ ኪሎ የተላጠና ውስጡ የወጣ ዘይቱን፤ 600 ግራም ስኳር፤ ከሦስት አራተኛ ሊትር የማይበልጥ ውሃ፤ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፤ አንድ ቁራጭ ቀረፋ፤ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ ያስፈልጋል። ቅርንፉድ የጠላ ሰው ጥቂት ኮረሪማ ቀጥቅጦ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥሮ ቢያስገባ ደሴቶቹ የማያውቁትን፤ ነገር ግን ለእኛ አፍ የሚስማማ መዓዛ ያገኛል። ዘይቱኑ ቢጫ የሆነ፤ ሲጫኑት ግን የማይሰረጉድ ይሁን።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ማታ ዘይቱኑን በውሃው ቀቅለው ሹካ ሲገባለት ከስኳሩ ሲሶውን፤ ይኸውም 200 ግራም፤ ከሎሚው ጋር ይጨምሩ። አንድ ጊዜ ገንፍሎ ሲነሣ ከእሳት አውርደው፤ ከድነው፤ ሌሊቱን ይተዉት። በሁለተኛው ቀን ሌላ 200 ግራም ጨምረው ዐሥር ደቂቃ ያህል ያንተክትኩትና እንደገና ከድነው ያሳድሩት። በሦስተኛው ቀን የቀረውን ስኳርና ቅመሙን ጨምረው፤ ክዳኑን ከፍተው፤ በለዘብተኛ እሳት ሽሮፑ ማንኪያውን እስኪለብሰው ድረስ ያብስሉት። በማማሰያ አብዝቶ መምታት ፍሬውን ይሰባብረዋልና ድስቱን ይዞ መነቅነቅ ይሻላል።

ሎሚው ለጣዕም ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ። ኮምጣጣ ነገር ከስኳር ጋር ሲፈላ ከስኳሩ ጥቂቱን ወደ ሁለት ቀላል የስኳር ዓይነቶች ይከፍለዋል፤ እነዚህም የተቀላቀሉበት ሽሮፕ ቶሎ አይረጋም፤ አሸዋ አሸዋም አይልም። ተጠርጎ የወጣው የዘይቱን ውስጥም አይጣል። ከጥቂት ውሃ ጋር አፍልቶ በወንፊት ቢያጠሉት ዘሩ ይቀራል፤ የሚወርደውም ሽሮፑን ያወፍራል፤ መዓዛውንም ያበረታል።

ሦስት ቀን መፍጀቱ ሰነፍ አሠራር የሚመስለው ሰው ይኖራል። ደሴቶቹ ላይ ብዙ ሰዎች በአንድ ቀን ጨርሰው ያወጡታል፤ እሳቱ ግን ለረጅም ሰዓት ይነድዳል። እኛ ስለ እሳቱ ማሰብ አለብን። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ጫካ ማለት ነው። በምዕራብ ወሎ ደጋ ከጥንቱ ደን የተረፈው ጥቂት እንደሆነ ዙሪያውን ያየ ሁሉ ያውቃል። ለአንድ ድስት ጣፋጭ ብሎ ግማሽ ቀን እንጨት ማንደድ በዚህ አገር ነውር ነው። ሌሊቱ ግን እንጨት አይጠይቅም። ድስቱ ተከድኖ ባደረ ቁጥር ስኳሩ ራሱ ወደ ፍሬው ይገባል፤ እሳቱም የሚያስፈልገው ለማስጀመርና ለመጨረስ ብቻ ይሆናል። ክዳን ያለው ድስትና ትዕግሥት ያለው ሰው ብዙ እንጨት ያተርፋሉ።

ስለ ጥሬው ፓፓያ የተለየ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሲላጥ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ እጅ ያሳክካል፤ እጅን ዘይት ቀብቶ ወይም በወራጅ ውሃ ሥር መላጥ ይገባል። ቁራጩ ሲበስል እንዳይፈርስ በደሴቶቹ ላይ ለምግብ የሚሆን ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ለአንድ ሰዓት ያህል ይነክሩትና ደጋግመው ያጥቡታል፤ መጠኑም ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ነው። በኖራ ውሃ የሚነክሩም አሉ፤ ይኸውም ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ኖራ ነው እንጂ ግድግዳ የሚቀባበትን ኖራ ማንም ሰው ወደ ድስቱ እንዳያስጠጋ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ፓፓያ እንደ ዘይቱን ኮምጣጣ አይደለም። ኮምጣጣ ያልሆነ ምግብ አየር በማይገባበት ዕቃ ታሽጎ ሲቀመጥ፤ አየር የማይፈልግ አደገኛ ነፍስ ሊያድግበት ይችላል። የዚህ ነፍስ ዘር በባሕር ዳርቻ የፈላ ውሃ እንኳ የማይሞት ነው፤ በ91 ዲግሪ በሚፈላው በእኛ ውሃማ ጭራሽ አይነካም። ስለዚህ የፓፓያው ጣፋጭ ሎሚው በርከት ብሎለት፤ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ፤ በሳምንት ውስጥ ተበልቶ ማለቅ አለበት። ከላይ የነገርኳችሁ የዘይቱን ጣፋጭም በ600 ግራም ስኳር ሲሠራ ለማዕድ እንጂ ለጎተራ አይደለም። ብዙ ወር ይቆይ የሚል ሰው ስኳሩን ከፍሬው ጋር እኩል በእኩል መዝኖ፤ ሽሮፑን ወደ ነገርኳችሁ 65 እጅ አድርሶ፤ በፈላ ውሃ በተቀቀለ የብርጭቆ ዕቃ ማኖር ይኖርበታል።

አሁን «እንጀራው ይቅደም» ላሉት ጓደኞቼ መልስ የምሰጥበት ሰዓት ደርሷል። እንጀራው ይቅደም፤ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ሦስት ነገር ልጠይቅ።

አንደኛ፤ ፍሬው ምን ይሁን? ፓፓያ፤ ማንጎና ዘይቱን ሙቀት ይወዳሉ፤ ውርጭ ይገድላቸዋል። የሚበቅሉትም ወደ አባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ፤ በምሥራቅም በሀርቡና በመርሳ በኩል ባሉት ሞቃት አገሮች ነው። በብዛት ሲደርሱ ገበያው ይሞላል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ የቀረው ይበሰብሳል። ዳገቱን በአህያ ጀርባ የወጣ የበሰለ ፓፓያ ደግሞ ተጨፍልቆ ይደርሳል። አረንጓዴው ፓፓያ ግን ጠንካራ ስለሆነ ዳገቱን ሳይጎዳ ይወጣል። ፊቱ የተላላጠ ዘይቱንም ለሺያጭ ባያምር የተጎዳው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው ለድስት ይሆናል። ይህ ጥበብ እንግዲህ ገበሬው የጣለውን መልሶ ዋጋ የሚሰጥ ነው እንጂ ከእንጀራው ላይ የሚቀንስ አይደለም።

ሁለተኛ፤ ስኳሩ ስንት ነው? ስኳር ውድ መሆኑን የተማሪ ኪስ ያውቃል። ነገር ግን 600 ግራሙ ለሃያ ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 30 ግራም ይደርሰዋል። ይህም በሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጠጣ የሦስት ስኒ ሻይ ስኳር ያህል ነው። በየቀኑ የሚበላ አይደለም፤ ስኳር ለሚጎዳውም ሰው አይሆንም። ለበዓልና ለስብሰባ ግን ማንንም አያደኸይም።

ሦስተኛ፤ ከማን ጋር ይበላል? ይህ ጥያቄ ለወሎ ሰው ከሁለቱ ይበልጣል። በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር ይኖራሉ፤ በሐዘን አብረው ይቀመጣሉ፤ በደስታም ይጠራራሉ። በሥጋ ጊዜ ግን አራጁ ስለሚለያይ ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል። ይህን ልማድ ሁላችንም እናከብረዋለን፤ ጠሪውም ለእንግዳው ለብቻው አሳርዶ ያቀርብለታል። ከዚህ ሌላ ጾም አለ፤ በዓመቱ ውስጥ ክርስቲያኑ ቅቤና ወተት የማይነካበት ቀን ብዙ ነው። የዘይቱኑ ጣፋጭ ሥጋ የለበትም፤ ቅቤ የለበትም፤ ወተት የለበትም፤ የሚያሰክርም የለበትም። በሁዳዴ ክርስቲያኑ ሊበላው ይችላል፤ በረመዳን ማታ ሙስሊሙ ሊያፈጥርበት ይችላል፤ ሁለቱም ከአንድ ሳሕን ሊያነሡት ይችላሉ። ጾም በማይሆንበት ቀን ደግሞ ኩባውያን ከነጭ አይብ ጋር እንደሚያቀርቡት፤ እኛም ጨው ያልገባበት የአገራችንን አይብ ከጎኑ ብናደርግለት የሽሮፑን ጣፋጭነት ያለዝበዋል። በምርቃት ቀን ከየአገሩ የመጡ ወላጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ፤ «ይህ የማን ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ሁሉም እጁን የሚዘረጋበት አንድ ሳሕን ቢኖር ትንሽ ነገር ነውን?

በተረፈ ዘይቱን ያልተገኘበት ደጋ ባዶ እጁን መቅረት የለበትም። ኮክ በደጋ ጓሮ ይበቅላል፤ እሱም በዚሁ አሠራር በአጭር ጊዜ ይበስላል። ትርንጎም አለን። ትርንጎ የሚበላው ወፍራሙ ነጭ ልጣጩ ነው፤ በፖርቶ ሪኮ ተራሮችም ይኸንኑ ፍሬ ተክለው ልጣጩን በስኳር ያበስሉታል። እኛ ጥሬውን እየቆረጥን ስንበላው የኖርነው ነገር ወዲያ ማዶ ለጣፋጭ የሚፈለግ መሆኑን ማወቅ ጓሯችንን በሌላ ዐይን እንድናይ ያደርገናል።

ከዚህ ሁሉ የምሰበስበው አሳብ አንድ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕውቀት እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ በክብር ይቀበሉታል እንጂ ቤቱን አያስረክቡትም። የኩባን ጣፋጭ እንዳለ ብንገለብጠው ዲግሪው አይስማማንም፤ እንጨቱም አይበቃንም። «የኛ አይደለም» ብለን ብንተወው ደግሞ ፍሬው በቆላ ሲበሰብስ፤ ደጋው ሲናፍቅ ይኖራል። የሚበጀው ምክንያቱን መርምሮ፤ በራስ አገር ከፍታ ለክቶ፤ በራስ ማዕድ ማቅረብ ነው። ለጣፋጩ የተናገርኩት ስለ ዘር፤ ስለ መድኃኒት፤ ስለ ቤት አሠራርም ቢሆን ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሥራ አቀርባለሁ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች በዚህ ግቢ ውሃ በትክክል በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ በቤተ ሙከራ ይለኩልን። የእርሻ ተማሪዎች ወደ ቆላው ሲወርዱ ምን ፍሬ በየትኛው ወር እንደሚትረፈረፍና በስንት እንደሚሸጥ ከገበሬው ጠይቀው ይጻፉልን። የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች የስኳሩን፤ የፍሬውንና የእንጨቱን ወጪ ይደምሩ። የምግብ ቤቱ እናቶችም ቢፈቅዱልን አንድ ድስት ይስጡን፤ በእጃቸው ያለው ዕውቀት ከእኔ ንግግር ስለሚበልጥ እንዲያርሙንም እንለምናቸዋለን። አንዱ ብርጭቆ በብርድ ቦታ፤ አንዱ በመስኮት አጠገብ ተቀምጦ ስንት ቀን ሳይሻግት እንደቆየ ተመዝግቦ በዚሁ ጋዜጣ ይውጣ። ሙከራው ባይሳካ እንኳ ያልተሳካበትን ምክንያት ጽፎ ማውጣት ራሱ ትምህርት ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ፤ «እንጀራው ይቅደም» ያላችሁትም ሥራው ሲጀመር ፍሬ ለመላጥ እንዳትቀሩ።